ሀባት እና ሐባት

አርብ ነበር፤ ሁለታችንም ሥራ የማንገባበት ቀን። እኔ አማን ከተማ፣ ሽሜሳኒ ሰፈር ባለ አንድ የልብስ ንጽሕና ቤት ሸሚዝ እተኩሳለሁ። እህቴ በሰዓት እየተከፈላት የሰው ቤትና የሕንፃ ደረጃ ታጸዳ ነበር። ይህን «ነበር» ገና አልለመድኩትም። ስጽፈው እጄ ይዘገያል።

«ማሙሽ፣ ተነስ» አለችኝ። ሃያ ሁለት ዓመቴ ነው፣ ጢምም አብቅያለሁ፣ ለእሷ ግን ማሙሽ ነኝ። «ተነስ እንጂ። ሐጃዋ መጣች ተብሏል።»

«ስንት ሆና?»

«ሁለት።»

ሐጃ ስንል ሰው ማለታችን አይደለም። እዚህ አገር ሐጃ የሚባሉት አሮጊቶች ናቸው፣ መካ ሄዱም አልሄዱም። የእኛዋ ሐጃ ግን ቢጫ የመድኃኒት ፓኬት ናት። ስሙን ያወጣችላት እህቴ ናት። እንዴት እንዳወጣችላት ካልተናገርኩ፣ ያን ቀን ለምን እንደዚያ ደስ እንዳለን አይገባም። ስለዚህ ትንሽ ወደ ኋላ ልመለስ።

እህቴ የጡት ካንሰር ታማ ነበር። እኔ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ አማን እሷ ጋ በመጣሁ በጥቂት ወራት ውስጥ ነው የታወቀው። ኦፕራሲዮን ሆነች። በደም ሥር የሚሰጠውን መድኃኒት ጨረሰች። ጸጉሯ ረግፎ እንደገና በቀለ፣ ሲበቅል ደግሞ ከድሮው ይልቅ ተጠቀለለ። ከዚያ ሐኪሙ በየቀኑ አንዲት ክኒን ለአምስት ዓመት አዘዘላት። ታሞክሲፈን ይባላል፤ በሽታው ተመልሶ እንዳይመጣ የሴትን ሆርሞን የሚያግድ ነው። «አንድም ቀን እንዳታቋርጪ» አላት።

ያን ቀን ከክሊኒኩ ስንወጣ እህቴ አንድ ነገር ብቻ ፈለገች፤ አምስቱን ዓመት ጠጥታ መጨረስ። «ትምህርቱን ከስምንተኛ አቋርጫለሁ» አለች። «ይህንን እንኳ ልጨርስ።»

ችግሩ መድኃኒቱ አንድ ሆኖ ፋብሪካው ብዙ መሆኑ ነው። መድኃኒት ቤት የሚሰጡን በዚያ ወር የተገኘውን ነው። አንዱ በነጭ ፓኬት ይመጣል፣ አንዱ በሰማያዊ፣ አንዱ በቢጫ። ሐኪሙ ሁሉም ያው ናቸው ይላል። ለእህቴ ግን ያው አልሆኑላትም።

«ማዳሞችም እኮ ሁሉም ሴቶች ናቸው» አለችኝ። «ግን ያው ናቸው?»

ነጩን ረቢየህ አለችው። ረቢየህ የሀብታሞች ሰፈር ነው። እህቴ አማን እንደመጣች አራት ዓመት እዚያ አንድ ቤት ውስጥ እየኖረች ሠርታለች። ማዳሟ አትሳደብም፣ አትማታም፣ እንቅልፍ ብቻ አታስተኛም። ልክ ዓይን ሲከደን ትደውላለች። ውሃ አምጪ፣ መስኮቱን ዝጊ፣ መስኮቱን ክፈቺ። ነጩ ክኒንም እንደዚያው ነበር። ከደረቷ የሚነሳ እሳት ወደ ፊቷ ይወጣል፣ ላብ ያጠምቃታል፣ ወዲያው ደግሞ ብርድ ብርድ ይላታል። አንድ የበጋ ቀን አብረን ሱቅ ገብተን እያለ በድንገት የአይስክሬሙን ማቀዝቀዣ ከፍታ ጭንቅላቷን ወደ ውስጥ አስገባች። ባለሱቁ ተደናግጦ፣ «እህቴ፣ ምን እየፈለግሽ ነው?» አላት በዓረብኛ።

«የጥርን ብርድ» አለችው፣ ጭንቅላቷን ሳታወጣ።

ሰውየው እስኪያስለው ድረስ ሳቀ። አንድ አይስክሬም በነፃ ሰጣት። ለእኔ አልሰጠኝም።

ሰማያዊውን ሽሜሳኒ አለችው። ሽሜሳኒ ውስጥ የምታጸዳው ባለ ስድስት ፎቅ ሕንፃ አለ፤ ሊፍቱ ውስጥ ባልዲ ይዞ መግባት ክልክል ነው። ሰማያዊውን ስትጠጣ እሳቱ ይቀንሳል፣ ቁርጥማቱ ይተካል። ጠዋት ስትነሳ ጉልበቷንም፣ የእጇን አንጓም፣ ባቷንም ይዛ ነው። «ሳይከፈለኝ ስድስቱንም ፎቅ ወልውዬ አደርኩ» ትላለች።

ቢጫዋ ሐጃ ናት። እዚህ ጀበል አል-ሁሴን ያከራዩን አሮጊት ከእኛ በታች ይኖራሉ። እህቴን «ያ ቢንቲ» ይሏታል፣ ልጄ ማለት ነው። ከእሳቸው ክፉ ነገር ወጥቶ አያውቅም፤ ልቅሶ ብቻ ያበዛሉ። ለሠርግም ያለቅሳሉ፣ ለዜናም ያለቅሳሉ፣ ሩዝ ሲያርባቸውም ያለቅሳሉ። ቢጫዋን የጠጣች ጊዜ እህቴም እንቅልፏ መጣ፣ ጉልበቷ ተፈታ፣ እሳቱም በቀን አንዴ ሁለቴ ብቻ ሆነ። ግን አለቀሰች። አንድ ቀን ከሥራ ስገባ ቴሌቪዥኑ ፊት ተቀምጣ ትነፈርቃለች።

«ምነው እትዬ? ማን ሞተ?»

«ማንም። ልጁ ለእናቱ ዘይት ገዝቶ ገባ።»

የምግብ ዘይት ማስታወቂያ ነበር።

ከዚያ ቢጫዋ ከገበያ ጠፋች። ወደ ነጩ ተመለስን። በዚያ ሰሞን ነው የበሶብላው ነገር የመጣው። መስኮታችን ላይ በቆርቆሮ የተተከለ በሶብላ አለን። ውሃ ላጠጣ ብዬ አፈሩን ሳየው ነጫጭ ነገር ሞልቶበታል። አነሳሁት። ክኒን ነው።

«እትዬ» አልኩ፣ «በሶብላው የጡት ካንሰር አለበት እንዴ?»

ልብስ እያጠፈች ነበር፤ እጇን አላቆመችም። «ያመኛል ብሎኝ ነው» አለች።

ሳቅን። ከዚያ እሷ ሳቋን ትታ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። «እሳት ነው፣ ማሙሽ። ሰው ቤት እየሠራሁ ድንገት ሲያልበኝ፣ ማዳሟ ስታየኝ፣ የሆነ ነገር ሰርቄ የደበቅኩ ነው የምመስለው። ሦስት ሳምንት ተውኩት። ተኛሁ። ግን መተኛቱም ፈራኝ።» እንዲህ ነው ያለችው፣ መተኛቱም ፈራኝ። ፈራሁት ማለቷ ነው መሰለኝ።

«ለሐኪሙ ነግረሽዋል?»

«ምን ማለትህ ነው? በየቀጠሮው ይጠይቀኛል፣ በየቀጠሮው እነግረዋለሁ። ‹አልሐምዱሊላህ› ብሎ ይጽፋል።»

ይህ ነገር ከነከነኝ። በሚቀጥለው ቀጠሮ አብሬያት ገባሁ። ሐኪሙ ጥሩ ሰው ነው፣ ቸኩሎ ግን ያናግራል፣ ውጪ የሚጠብቀው ሰው ብዙ ነው። በዓረብኛ የተባባሉትን አንዲቷን ቃል ብቻ እንዳለች ትቼ በአማርኛ እጽፈዋለሁ።

«ሀባት ይመጣልሻል?» አላት።

«አዎ ዶክቶር። በየቀኑ።»

«በቀን ስንት?»

«አንድ።»

«አንድ ብቻ?»

«አንድ ብቻ። ሁለት አይፈቀድም።»

ሐኪሙ ቀና ብሎ አያት። «ስንት ሰዓት ላይ?»

«ከእራት በኋላ።»

«ብዙ ይቆያል?»

«አይ፣ በውሃ ቶሎ ይወርዳል።»

«ጥሩ፣ ውሃ ጠጪ። አልሐምዱሊላህ» አለና ጻፈ።

እኔም አጠገቧ ተቀምጬ ምንም ስህተት አላየሁም። የእኔ ዓረብኛ የሸሚዝ ዓረብኛ ነው፤ ኮሌታ፣ እጅጌ፣ እድፍ፣ ነገ ና። ሀባት ማለት ክኒኖች ማለት እንደሆነ ግን ሁለታችንም እናውቅ ነበር።

ወረቀቱን ይዘን ሰፈራችን መድኃኒት ቤት ሄድን። ፋርማሲስቷ ወጣት ሴት ናት፣ ሁሉም ዶክቶራ ይላታል። እህቴ ቢጫዋን ከየትም ብለሽ ፈልጊልኝ ብላ ለመነቻት። ዶክቶራ ወረቀቱን አነበበች። «ሐኪሙ እኮ ሀባት በቀን አንድ ጊዜ ብቻ ነው የሚመጣባት ብሎ ጽፏል። ይህ ቀላል ነው፣ በነጩ መቀጠል ትችያለሽ።»

«እና ሁለት ልጠጣ?» አለች እህቴ፣ በዚያው ወረቀት ፊቷን እያራገበች። ላቡ ከአገጯ ይንጠባጠብ ነበር።

ዶክቶራ ቀና አለች። ላቡን አየች፣ ወረቀቱን አየች። ከዚያ አፏን በእጇ ያዘች። ሳቋ ባንኮኒውን አስደገፋት። ይቅርታ ትላለች፣ እንደገና ትስቃለች። በመጨረሻ የክኒን ጠርሙስ አንስታ አንቃጨለች፤ «ሐባት» አለች። ቀጥላ ፊቷን በሁለት እጇ አራገበች፤ «ሀባት» አለች።

«ያው ነው» አለች እህቴ።

«ያው አይደለም።»

እኔም ያው ነው የሰማሁት። ዶክቶራ ባንኮኒው ላይ ያለውን ትንሽ መስታወት አቅርባ አፏን ከፍታ «ሐ» ብላ ተነፈሰችበት፤ መስታወቱ ጉም ለበሰ። «ይህ ከጉሮሮ ነው፣ ክኒኑ ነው። መስታወት ስትወለውዪ የምትተነፍሽው።» ቀጥላ እጇን ከአፏ ፊት ዘርግታ ቀለል አድርጋ «ሀ» አለች። «ይህ ደግሞ እሳቱ ነው። ደክሞሽ ቁጭ ስትዪ የምትተነፍሽው።»

«ሁለቱንም ሥራዬ ላይ አውቃቸዋለሁ» አለች እህቴ። መስታወቱን ወስዳ ሞከረች። በመጀመሪያው ሙከራ ነው ልክ ያለችው። እኔ ብዙ ፈጀብኝ።

አገር ቤት የአማርኛ መምህራችን ሃሌታው ሀ እና ሐመሩ ሐ ቦታ ሲለዋወጡብን ማርክ ይቀንሱብን ነበር። ድምፃቸው አንድ ከሆነ ለምን ሁለት ተፈጠሩ ብለን እናጉረመርም ነበር። አባቶች ሁለቱን ፊደል ያወጡት ተማሪ ለመጣል ነው የሚል ልጅ ነበር። መልሱን ጀበል አል-ሁሴን መድኃኒት ቤት ውስጥ አገኘሁት። ቤት ስንገባ በእስኪርቢቶ ፓኬቱ ላይ ጻፍኩላት፦ «ሀባት፣ እሳቱ። ሐባት፣ ክኒኑ።»

በሳምንቱ ተመልሳ ሐኪሙ ጋ ገባች። ሲጠይቃት እጇን ከአፏ ፊት ዘርግታ፣ «ሀባት» አለችው በቀስታ፣ «በቀን አሥራ ሁለት። አሥራ ሦስት።» ሐኪሙ መነጽሩን አወለቀ። ይቅርታ ጠየቃት። ቢጫው እንዲፈለግላት በወረቀት ጻፈ። እስኪገኝ ሰማያዊውን ጠጪ አላት። ከዚያ ወዲያ በሶብላው ክኒን አልቀመሰም።

በዚያው ክሊኒክ መተላለፊያ ላይ ነው አንዲት ያገራችንን ልጅ የተዋወቅነው። ሙስሊም ናት፣ ከእኔ ብዙም አትበልጥም፣ ረቢየህ አንድ ቤት ውስጥ እየኖረች ትሠራለች። በሽታዋም መድኃኒቷም የእህቴው ነው፤ የምትወስደው ነጩን ነው። እህቴ «ሀባት በቀን ስንት ነው?» ብላ በዓረብኛ ጠየቀቻት።

«አንድ። ለምን?»

እህቴ ነገሩን አስረዳቻት፣ ስለ ስሞቹም ነገረቻት። «ወይ ጉድ» አለች ልጅቷ፣ «እኔ ረቢየህ ተቀምጬ ረቢየህን ነዋ የምጠጣው።» ሁለቱ ተደጋግፈው ሲስቁ ነርሷ መጥታ ተቆጣቻቸው። ከሳቁ በኋላ ግን ልጅቷ፣ «እህቴ፣ እኔ ልተወው ነው» አለች። «ከበሽታው ድኛለሁ። የሚያመኝ ክኒኑ ነው።»

እህቴ ቀለል አድርጋ አላለፈችውም። ስልክ ቁጥሯን ተቀበለቻት። በየቀኑ ማለት ይቻላል ትደውልላት ነበር። ባለፈው ረቡዕ ዶክቶራ ሁለት ቢጫ ይመጣልኛል ስትላት፣ መጀመሪያ የደወለችው ለዚያች ልጅ ነው። «እስከ እሑድ ብቻ ጠጪልኝ። እሑድ ጠዋት ማዳምሽ ስትወጣ በሩ ላይ ነኝ። ሐጃዋን ይዤልሽ እመጣለሁ።»

እንግዲህ መጀመሪያ ላይ ያነሳሁት አርብ ይህ ነው።

ብርዱ ጆሮ ይቆርጥ ነበር። ዶክቶራ ሁለቱን ፓኬት ባንኮኒው ላይ ጎን ለጎን አስቀመጠችልን። እህቴ አንዱን አንስታ ሳመችው። ከዚያ ኩናፋ የሚባለውን የአይብ ጣፋጭ ልጋብዝህ አለችኝ። ቆመን ትኩሱን በላን፤ አይቡ እንደ ክር እየተሳበ አገጯ ላይ ተጣበቀ፣ እኔም ሳልነግራት ብዙ መንገድ ሄድን። ሰው እያየ ሲስቅ፣ «ዛሬ አምሮብኛል መሰለኝ» አለች። ያኔ ነገርኳት። በፓኬቱ መታችኝ።

ወደ ቤታችን የሚወስደው የድንጋይ ደረጃ ረጅም ነው። መሃል ላይ ቆማ የግራ ባቷን ያዘች። ትንፋሿም አጠረ።

«ምነው?»

«ሽሜሳኒ ናት። ገና ሻንጣዋን አልያዘችም።»

ሳቅን። እኔም ሳቅኩ።

እራት ሐጃዋ፣ ሰዋ ማለቴ ነው፣ ሩዝና ዶሮ በሳህን ላኩልን። ከእራት በኋላ እህቴ የመጀመሪያዋን ቢጫ ክኒን በጣቷ ይዛ «ሐባት» አለች ከጉሮሮዋ፣ ዋጠቻት። ከዚያ ሳህኑን እያየች ዓይኗ እንባ አቀረረ።

«ክኒኗ እኮ ገና ሆድሽ አልገባችም» አልኳት።

«ቀብድ ነው» አለች። ዓይኗን ጠረገች። «አምስቱን ዓመት ስጨርስ የመጨረሻውን ባዶ ፓኬት ግድግዳ ላይ እሰቅለዋለሁ። እንደ ዲፕሎማ።»

ቅዳሜ ረፋድ ላይ ሽሜሳኒ፣ የዚያ ሕንፃ ሦስተኛ ፎቅ ላይ፣ ደረጃ እየወለወለች ቁጭ አለች። የሕንፃው ጠባቂ ውሃ ሊያመጣላት ወረደ። ተመልሶ ቢጠራት አልመለሰችለትም። እኔ ከምሠራበት ሩቅ አይደለም፤ ሮጬ ደረስኩ፣ አምቡላንሱም ደረሰ። ሆስፒታል ውስጥ አንድ ሐኪም፣ ከእግሯ የተነሳ የረጋ ደም ወደ ሳንባዋ ሄዷል አለኝ። ከበሽታው ነው ወይስ ከክኒኑ አልኩት። «ሁለቱም ያመጡታል። የትኛው እንደሆነ ልነግርህ አልችልም» አለኝ። ቀጥሎ፣ «ባቷን አሟት ነበር?» አለኝ።

ስለ ቅዳሜ ከዚህ በላይ አልጽፍም።

እሑድ ጠዋት ቤታችን በሰው ሞልቶ ነበር። ለእናታችን የመንገሩን ነገር አገር ቤት ያለው አጎቴ ወስዶታል። ወረቀት እስኪያልቅ አስከሬኗ ሆስፒታል ይቆያል ተባለ። አከራያችን ሐጃ የእህቴ አልጋ ላይ ተቀምጠው ያለቅሱ ነበር፣ በዚህ ጊዜ ማንም አልሳቀባቸውም። እኔ የማየው ማቀዝቀዣው ላይ ያለውን ነው፤ ሁለት ቢጫ ፓኬት፣ አንዱ የተከፈተ፣ አንዱ ያልተከፈተ። ያልተከፈተውን ኪሴ ውስጥ ከተትኩ። ማንም የት ትሄዳለህ አላለኝም።

መጀመሪያ ዶክቶራ ጋ ሄድኩ። ስነግራት ከባንኮኒው ወጥታ ወንበር ላይ ተቀመጠች። «ይህንን ለዚያች ልጅ ልስጣት ወይስ ልጣለው?» አልኳት። ፓኬቱን ተቀብላ አገላበጠችው። «መድኃኒቱ የራሷ ነው፣ ሐኪሟ አዞላታል» አለች በመጨረሻ። «ነጩም ውስጡ ያው ነው። መተዉም የራሱ አደጋ አለው። የእግሩን ነገር ግን ንገራት። ከመቀየሯም በፊት ሐኪሟን ታማክር።»

ሰርቪስ የሚሉትን የጋራ ታክሲ ይዤ ወጣሁ፣ ቀሪውን በእግሬ ሄድኩ። ልጅቷ በሩ ላይ እየጠበቀች ነበር። ከጀርባዋ ያለው የግቢው በር መስታወት አለው።

«አሰላሙ አለይኩም፣ ወንድሜ። እሷስ? አንተን ላከችህ?»

«አዎ» አልኩ። ከዚያ ነገርኳት።

ደረጃው ላይ ተቀመጠች። በዓረብኛ ስትጸልይላት ቆየች። ፓኬቱን ዘረጋሁላት፣ አልተቀበለችኝም።

«አንተ ብትሆን ትጠጣው ነበር?»

«አላውቅም» አልኳት። «እሷ ግን ልትጨርሰው ነበር።» ከዚያ ለሐኪሙ ያልመለስኩትን ነገር ነገርኳት፣ ስለ ደረጃው፣ ስለ ባቷ፣ ስለ ሳቃችን። «አንድ እግርሽ ቢያብጥ፣ ባትሽን ቢያምሽ፣ ትንፋሽ ቢያጥርሽ፣ ስም አታውጪለት። እዚያው ቀን ለሐኪም አሳዪው። ማዳምሽ እምቢ ካለች ለእኔ ደውዪ፣ እኔ እወስድሻለሁ።»

«ቀጠሮዬ ማክሰኞ ነው» አለች። «እጠይቀዋለሁ። እሳቱንም እነግረዋለሁ።»

«እንዴት ብለሽ?»

«ሐባት» አለች።

«ይህ ክኒኑ ነው።»

«ሐባት።»

«አሁንም ክኒኑ ነው።» አነሳኋት። የበሩ መስታወት ፊት አቆምኳት። «ይህን ስትወለውዪ እንዴት ትተነፍሻለሽ?» ተነፈሰች፣ መስታወቱ ጉም ለበሰ። «ይሄ ከጉሮሮ ነው፣ ክኒኑ ነው። አሁን ደግሞ ደክሞሽ ቁጭ እንዳልሽ አድርጊ።» እጇን ከአፏ ፊት ዘረጋሁላት።

ሦስት ጊዜ ሳተች። አራተኛው ላይ፣ በእንባዋ መሃል ሳቅ ሲያመልጣት፣ ቀስ ብላ «ሀባት» አለች። ትንፋሿ በብርዱ ውስጥ እንደ ጭስ ወጣ።

«ልክ ነሽ» አልኳት።

ፓኬቱን ተቀብላ ጉያዋ ውስጥ ከተተችው። እኔ መስታወቱን በጃኬቴ እጅጌ ወለወልኩላት፣ ማዳሟ ስትመለስ አሻራ እንዳታገኝ። ከዚያ ወደ መንገዱ ወረድኩ።